ዋልካ ላይ የቆመ ጌሾ

አምና ወገቤ እምቢ ብሎኝ በሐኪም ማስረጃ ጡረታ ወጣሁ። ዘንድሮ ደግሞ እዚሁ ጎንደር ኮሌጅ ገብቼ የእፅዋት ሳይንስ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ከልጆቼ ያንሳሉ፤ "እትየ ሙሉ" እያሉ ከፊት ያስቀምጡኛል። ስለ ሸክላማ አፈር በተማርን ዕለት መምህራችን "በዚህ አፈር ላይ የሠራ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀ። እጄን አወጣሁ። ስቆም ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝና "አዎ፣ ያስቸግራል" ብዬ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ፈገግ ብሎ "እንግዲያው ጽፈው ያምጡልን" አለኝ። ትእዛዙን አክብሬ የማስታውሰውን እጽፋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት አዲ አርቃይ፣ ከስሜን ተራራ ግርጌ ባለው ቆላ፣ አንድ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር። ፎርማናችን አያ ዘውዱ የጭልጋ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን "አንቱ" ስለው ተቆጣ፤ "አያ በይኝ፣ ይበቃኛል" አለኝ። ከዚያ ወዲህ አያ እያልኩ አንተ እለዋለሁ። ሲናደድ በቅማንትኛ ያጉተመትማል። ምን እንዳለ ስጠይቀው "ላንቺ አይደለም፣ ለዶማው ነው" ይለኛል።

አያ ዘውዱ ቁጭ አድርጎ አያስተምርም። እጁን ማየት ነበረብኝ። ጠዋት ወደ መደብ ከመግባታችን በፊት ጎንበስ ይልና አፈር ቆንጥሮ በምራቁ ያርሰዋል፤ ከዚያ በሁለት መዳፉ መሐል ያንከባልለዋል። አፈሩ እንደ ክር ተስቦ ካልተበጠሰ ያን ቀን ማንም ሰው ወደ ተክሉ አይገባም። እርጥብ ሸክላ አንዴ ከተረገጠ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል፣ ሥሩም ይታፈናል። ሣር ወይም ጭድ ከተክል ሥር ካነጠፍን በኋላ ደግሞ እየዞረ ከግንዱና ከጉዝጓዙ መሐል አራት ጣቶቹን ያስገባል። አንድ ጋት ባዶ ቦታ ካላገኘ በእጁ ይገፋዋል። ለምን እንደሆነ ጠይቄው "አንቺስ አንገትሽን እርጥብ ጨርቅ ተጠምጥሞበት ቢከርም ደስ ይልሻል?" አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠኝም።

አዲ አርቃይ አፈሩ አሸዋማ ስለሆነ ክር የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ዋልካ የሚባለውን ሸክላማ አፈር በደንብ ያወቅሁት ሁለታችንም ወደ ጎንደር ተዛውረን አራዳ አካባቢ አንድ የመሥሪያ ቤት ግቢ ስንይዝ ነው። ግቢው ውስጥ የቆዩ ጽጌረዳዎችና ሮማኖች ነበሩ። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ገንፎ ይሆናል፣ በጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ኃላፊያችን ከባድ ሰው ነበሩ። እንግዳ ሊመጣባቸው ነው መሰለኝ በየቀኑ በመስኮት ብቅ እያሉ "ይኸ ግቢ መቼ ነው ሰው የሚመስለው?" ይሉናል።

አያ ዘውዱ አሸዋ እንጨምር አለ። "አዲ አርቃይ ሥሩ እንደ ልቡ የሚሮጠው በምን ሆነና? በአሸዋው አይደለም?" አለ። እውነት መሰለን። ከወንዝ አሸዋ በመኪና አስመጣን። በየጽጌረዳው ሥር ዙሪያውን ቆፍረን አሸዋውን ከዋልካው ጋር ቀላቀልነው። የጤፍ ጭድም ጨመርንበት፣ ውኃ አጠጣነው፣ እንዲጠቀጠቅም በእግራችን ረገጥነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ባልዲ ይዛ ስታልፍ ቆም አለችና "ቤት ልትሠሩ ነው እንዴ?" አለችን። ተሳሳቅን።

እዚህ አገር ጭቃ ያላቦካ ሰው የለም። ሸክላ፣ አሸዋና ጭድ ቀላቅሎ መርገጥ ግድግዳ ለመምረግ እንደሆነ ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቃለን። ግን የግቢውን ሥራና የቤቱን ሥራ አንድ አድርጎ ያሰበ አልነበረም። ጥር ላይ መሬቱ ግድግዳ ሆነ። ውኃ ስናፈስ ሳይገባ በላዩ ይፈሳል፣ ዶማውም ይነጥራል። በቁፋሮ የቆራረጥነው ሥር መልሶ የሚያቆጠቁጥበት አፈር አጣ። ጽጌረዳዎቹ ከጫፋቸው እየጠቆሩ ወረዱ፤ ሮማኖቹ ፍሬያቸውን በጥሬው አራገፉ። ኃላፊያችን ሰበሰቡን። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ አያ ዘውዱ ቆቡን አወለቀና "ያዘዝኩት እኔ ነኝ" አለ። ከፎርማንነት ተነሣ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የውኃ ጎማ እየጎተተ ሠራ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ሰው "እንዲህ አድርግ" ብሎ ሲያዝ አልሰማሁትም።

እኔ ወደ ማክሰኝት ተላክሁ። እዚያም ዋልካ ነው፤ ግን የሚያስቸኩል ኃላፊ አልነበረብኝም። የቆመ ተክል ሥር መቆፈር ትቼ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከላይ አለብሰው፣ በላዩ ሣር አነጥፍበት ጀመር። ወደ ውስጥ የሚያወርዱት ትሎቹ ናቸው፤ ቀስ ይላሉ እንጂ ያወርዱታል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ከጉዝጓዙ ሥር ያለው ዋልካ በእጅ ሲይዙት ፍርፍር ማለት ጀመረ። ስንጥቁም ጠበበ። አንድ በጋ ደረቅ ጭድ ብቻ አልብሼ ምስጥ ጨረሰብኝ፤ ከዚያ በኋላ ጭዱን ያለ ብስባሽ አላነጠፍኩም። ወደ ጎንደር ስመለስ ዋልካን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

አንድ ሐምሌ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ እማሆይ ብርሃን የሚባሉ መነኩሴ ከምሠራበት ችግኝ ጣቢያ በር ላይ መጡ። በነጠላቸው የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

"ሙሉ የምትባይው አንቺ ነሽ?"

"አዎ እማሆይ።"

"ጌሾየ እየሞተብኝ ነው" አሉና ነጠላውን ፈቱት። ቅርንጫፉ ላይ የቀሩት ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ተንጠልጥለዋል።

እማሆይ የአንድ ደብር የደጀ ሰላም ኃላፊ ናቸው። ደጀ ሰላም በንግሥ ቀን ካህናቱና ምእመናኑ የሚበሉበት የሚጠጡበት ቤት ነው። ከበስተጀርባው አራት ረድፍ ጌሾ አለ። ቆብ የጫኑ ጊዜ በእጃቸው የተከሉት ነው። የንግሡ ጠላ የሚጠመቀው በዚያ ነው፤ የተረፈውን ቅጠል ሸጠው ይኖሩበታል። አሁን ሰበካ ጉባኤው ቦታውን ለሱቅ ፈልጎታል። የሰበካው ምክትል ሊቀ መንበር አቶ ጌታሁን ክፉ ሰው አልነበሩም። ጣራው ያፈሳል፣ የካህናቱ ደመወዝ ይጓተታል፤ የሱቅ ኪራይ ይህን ሁሉ ያቃልላል ብለው ነው። ጌሾው አረንጓዴ እያለ ግን ማን ደፍሮ "ይነቀል" ይላል? ቢጫ ሲሆን አፋቸው ተፈታ። "እስከ መስቀል ካላገገመ ይነቀላል" ተብሎ ተወሰነ።

ሄጄ ሳየው ደነገጥሁ። ከእያንዳንዱ ጌሾ ሥር እስከ ጉልበት የሚደርስ የሣርና የቄጠማ ክምር ግንዱን አንቆ ይዞታል። ውኃ ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ጎምዛዛ ሽታ ይሸታል። የሰኔው ንግሥ ሲያልፍ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ተነጥፎ የነበረውን ሣር ሴቶቹ ሰብስበው ለበረከት ጌሾው ሥር አድርገውታል። የደጀ ሰላሙን የጠላ አተላም ትኩሱን በላዩ አፍስሰውበታል። ወዲያው ዝናቡ መጣ። ዋልካው ውኃውን አላሳልፍ ብሎ እንደ ገበቴ ያዘው። ጌሾው ውኃ ውስጥ ቆሞ ታፈነ።

ጎንበስ ብዬ ክምሩን ልገፋ እጄን ስሰድ እማሆይ እጄን ያዙኝ።

"ተይ አንቺ! ቤተ መቅደስ የተነጠፈ ነው። አይጣልም።"

"እማሆይ፣ ግንዱን እያበሰበሰው እኮ ነው።"

"በረከት እንዴት ያበሰብሳል?"

አቶ ጌታሁን ጃንጥላቸውን ይዘው ከደጀ ሰላሙ ጥግ ቆመው ነበር። "አየሽ?" አሉኝ ቀስ ብለው። "እኔም ብናገር የሚሰማኝ የለም። ይልቅ መስቀል ይምጣና ሁላችንም እንረፍ።"

አፈሩ ውኃ ያሳልፍ እንደሆነ ልፈትን ከአንዱ ክምር ጎን ትንሽ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ውኃ ማፍሰስ አላስፈለገኝም፤ እስክነሣ ድረስ ራሱ ሞላ። ከውስጡ የወጣው ሥር ጥቁር ነው፤ ስጎትተው ልጡ እንደ ካልሲ ወልቆ እጄ ላይ ቀረ። መስቀል ሩቅ ሆኖ አልታየኝም።

አያ ዘውዱ አዘዞ ልጁ ቤት ይኖር ነበር። ሄጄ ነገርኩት።

"ምን ላድርግ አያ?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? አሸዋውን ረሳሽው?"

"አልረሳሁም። እሱን የሚያውቅ ሰው ስለሆንክ ነው የመጣሁት።"

"እኔ አላዝም ሙሉየ። አይቼ እመለሳለሁ፣ ሌላ አትጠብቂ።"

ቡትስ ጫማውን አድርጎ መጣ። ክምሩን ከርቀት አየው። ጫፍ ላይ ካለው አፈር ቆንጥሮ አንከባለለ፤ እንደ ክር ተሳበ። ወደ ውስጥ ሳይገባ ደጀ ሰላሙ በረንዳ ላይ ተቀመጠና እማሆይን ጠየቃቸው።

"እማሆይ፣ አይጣልም ማለት አይነካም ማለት ነው?"

"እሱንስ መሪጌታን ነው መጠየቅ" አሉ እማሆይ።

የደብሩን መሪጌታ አስጠሩ። መሪጌታ ሽበታም፣ ቶሎ የማይመልሱ ሰው ናቸው። ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ እኛ አፍ አፋቸውን እናያለን። እሳቸው "አይነካም" ካሉ አለቀልን።

"እግር አይርገጠው፣ ከጥራጊ አይቀላቀል" አሉ በመጨረሻ። "ቦታ መለወጥማ በየንግሡ ከመቅደስ ይወጣ የለም? ቦታውን ለውጡት። የሚረገጥበት እንዳታደርጉት ብቻ።"

"አባቴ" አሉ እማሆይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አተላ ደፍቼበታለሁ።"

"የደጀ ሰላም አተላ ነው?"

"አዎን።"

"ጠላውን ስጠጣ ጥራጊ መሆኑን ማንም አልነገረኝም" አሉና መሪጌታ ሄዱ። አያ ዘውዱ ሳል ያዘው፤ ሳቁን እየደበቀ እንደነበር አውቃለሁ።

ሥራው ግልጽ ሆነ፤ መግቢያው ግን አልነበረም። ዋልካውን እንዲህ ርሶ ከረገጥነው የቀረውንም ሥር እኛው እንጨርሰዋለን። ዝናቡ እስኪያባራ ብንጠብቅ ደግሞ ልጡ በዙሪያው በስብሶ ያልቃል። አያ ዘውዱን አየሁት። እሱም አየኝ። "ጣውላ አንጥፈን በላዩ እንቁም" አልኩ። ክብደታችን በጣውላው ላይ ከተበተነ አፈሩ ያን ያህል አይጠቀጠቅም ብዬ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ሞክሬው አላውቅም ነበር።

"ጣውላ ከየት ይመጣል?" አለ አያ ዘውዱ።

እማሆይ ግምጃ ቤቱን ከፍተው ገቡ። ለሱቁ ሥራ የተገዛ አዲስ ጣውላ ተደርድሮ ነበር። አንዱን ራሳቸው ተሸክመው ወጡ።

አቶ ጌታሁን ሲመጡ አራቱ ረድፍ መሐል ጣውላቸው ጭቃ ላይ ተዘርግቷል፤ እኔና አያ ዘውዱ በላዩ ተንበርክከናል።

"ምነው! ምነው እማሆይ! የሰበካ ንብረት እኮ ነው!"

"ጌሾውስ የማን ነው?"

"የሚነቀል ነው!"

"እንግዲያው እስኪነቀል ይቆምበት። ታጥቦ ይመለስልሃል።"

አቶ ጌታሁን ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ። ቢሞት ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።"

"እሺ" አልኳቸው።

መጀመሪያ ቦዩን ቆፈርን። በረድፎቹ መሐል አድርገን ቁልቁል ወደ ደብሩ ቅጥር ግንብ አወረድነው። ከግንቡ ሥር አንድ ድንጋይ ፈልቅቀን ስናወጣ የታቆረው ውኃ ጠቁሮ፣ እየገማ ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ተንዶለዶለ። እማሆይ አማተቡ። ከቦዩ የወጣውን አፈር ከቦዩ በአንድ ወገን፣ በረድፎቹ መሐል እንደ ጀርባ ከፍ አድርገን ከመርነው። ጉዝጓዙን ከየግንዱ በእጃችን እያነሣን እዚያ ከፍታ ላይ በስሱ አነጠፍነው። ከዚያ በኋላ ሰው የሚሄደው በሌላው የቦዩ ዳር ብቻ ነው፤ ከፍታው ላይ የወጣ እግር የለም። አያ ዘውዱ አራት ጣቶቹን በየግንዱ ዙሪያ እያስገባ ይከተለኛል፤ ያላማረውን ይገፋል። የታችኛው ረድፍ ልጡ ዙሪያውን አልቆ ነበር። ነቅለን አውጥተን ለብቻው አቃጠልነው። እማሆይ ያን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

ያ የነሐሴ ወር የማያልቅ መሰለኝ። በቀሩት ሦስት ረድፎች ላይ ቅጠሉ መርገፉን አላቆመም። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ በዚያ አልፋለሁ። በየቀኑ ከፊተኛው ቀን ይራቆታል። እማሆይ መጀመሪያ "ዛሬስ እንዴት ነው?" ይሉኝ ነበር። በኋላ መጠየቁንም ተዉት። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሳያዩኝ "ባልተነካ ኖሮ" ሲሉ ሰማኋቸው። በዚያ ቀን ወደ ቤቴ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። አያ ዘውዱ ጋ ደውዬ "ሁለተኛው አሸዋ ይኸ ነው" አልኩት።

"ቅርንጫፉን በጥፍርሽ ጫሪው" አለኝ። "ከውስጥ ምን መልክ አለው?"

በማግሥቱ ጫርኩት። በሁለቱ ረድፎች አረንጓዴ ነው። በሦስተኛው አንዳንዱ ቡኒ ነው። ደውዬ ነገርኩት።

"እንግዲያው ሥሩ እየሠራ ነው። ቅጠሉን የጣለው ሥሩ እስኪያገግም ነው። አትንኪው።" ቀጥሎም "ይኸን አዝዣለሁ" አለና ስልኩን ዘጋው።

መስቀል ደረሰ። አቶ ጌታሁን ከሰበካው አባላትና ዶማ ከያዙ ሁለት ሰዎች ጋር መጡ። ዝናቡ ቆሞ ነበር። የዋልካው ፊት መድረቅ ጀምሯል፤ ከጉዝጓዙ ሥር ግን ገና ለስላሳ ነው። በየግንዱ ግርጌ፣ ባዶ በተውነው ቦታ ላይ፣ ቡቃያ ወጥቷል። ጎንበስ ብሎ ላላየ የሚታይ አይደለም።

"ይኸ ነው ያገገመው?" አሉ አቶ ጌታሁን። "ይኸ ቅጠል ነው?"

"ቡቃያ ነው" አልኩ።

"እስከ መስቀል አልን እንጂ ቡቃያ አላልንም።"

ዶማ የያዘው ሰው አንድ እርምጃ ወደፊት ሲል እማሆይ ከመጀመሪያው ግንድ ፊት ቁጭ አሉ። አልጮኹም፣ አላለቀሱም። መሪጌታ ከኋላ ሆነው "ጌታሁን" አሉ፣ "በመስቀል ቀን የበቀለ ነገር ስትነቅል ሕዝቡ ቢያይህ ከርሞ የሱቁን ኪራይ የሚከፍልህ ታገኛለህ?" የሰበካው አባላት እርስ በርስ ተያዩ። ጥቂት ተንሾካሾኩና እስከ ኅዳሩ ንግሥ እንዲቆይ ተስማሙ። የታችኛው ረድፍ የነበረበት ግን ለሱቅ ይሁን ተባለ። እማሆይ በዚያ ተስማሙ። ዶማ የያዙት ሰዎች ከዚያ ጀመሩ።

በጥቅምት ቡቃያው አደገ። የበሰበሰ ፍግ ከላይ አለበስነው፣ ሣሩን ጨመርንበት። በዚያ አካባቢ ያለው ዋልካ ሁሉ ሲሰነጠቅ የእማሆይ መደብ አልተሰነጠቀም። ቅጠሉ ለጠላ የሚበቃ መሰለኝና ለንግሡ ትንሽ እንቁረጥ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አንዲት ቅጠል አይቆረጥም" አሉ። "ገና ከሕመም የተነሣ ነው።"

ለኅዳሩ ንግሥ ጌሾ ከማክሰኝት ገበያ ተገዛ። ጌሾው ቅጠል መስጠት ከጀመረ ወዲህ እንዲያ ሲሆን የመጀመሪያው ነው አሉ። በዕለቱ እኔና አያ ዘውዱም ተጠርተን ጥግ ይዘን ተቀመጥን። አቶ ጌታሁን ከፊታችን ነበሩ። ከዋንጫው አንድ ጊዜ ተጎነጩ፣ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ ደግመው ተጎነጩ።

"ምነው እማሆይ፣ ይኸ ጠላ ምነው እንዲህ ሆነ?"

"የገበያ ጌሾ ነው።"

"የኛውስ?"

እማሆይ የሌላውን ሰው ዋንጫ ሞልተው፣ ማንቆርቆሪያውን በእጃቸው እንደያዙ ተመለሱ።

"የማን አልክ?"

ሰው ሁሉ አቶ ጌታሁንን አየ። እሳቸው ዋንጫቸውን ወደ እማሆይ ዘረጉ።

"የኛው" አሉ። "ለሰኔ ይደርሳል?"

"ለሰኔ እንኳ አይደርስ" አሉ እማሆይ እየቀዱላቸው። "ለከርሞ ኅዳር ይደርስልሃል።"